እጄን ከገበታው ሳላነሣ

ጥቅምት 18፣ ሰኞ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

አጥሚት በትንሿ ኩባያ። አምስት ጊዜ ተጎነጨሁ፣ አንዱ ተመልሶ ወጣ። ከፊት ገጽ ላይ ግን «ኩባያውን ጨረስሁ» ብዬ ጽፌያለሁ። ውሸት ነው።

ስማ ደብተር፣ እንዲህ እናድርግ። ከፊት በኩል ያለው ለሐኪሙ ነው። ልጄ ፈንታዬ ከምትኖርበት ከተማ ከንፋስ መውጫ ገዝታ ስታመጣህ፣ አባዬ የበሉትን ሁሉ ይጻፉበት፣ ሐኪሙ ያየዋል አለች። ይየው። እዚያ በቀን ስምንት ጊዜ እበላለሁ። ገልብጬ ከኋላ የምጽፈው ላንተ ብቻ ነው። እዚህ አራት ጊዜ ነው። ትናንት ሦስት።

ጉ. ማለት ጉርሻ። ሽ. ማለት ሽቅብ የመጣ። ሰ. ሰዓት። ፊደል የቆጠርሁ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ ጎልማሳ ሆኜ፣ ከሚስቴ ከይታይሽ ጋራ ባንድ አግዳሚ ተቀምጬ። እሷ ትቀድመኝ ነበር። ነፍሷን ይማር፣ ሦስት ዓመቷ። ብዙ ስጽፍ ጣቴን ያመኛል፣ አሳጥራለሁ።

ነገሩ ይኸ ነው። ሰኔ ላይ አዲስ አበባ የምግብ መውረጃ ጉሮሮዬ ላይ የበቀለውን ካንሰር ቆርጠው አወጡ። ጉሮሮውንም አብረው። ጨጓራዬን ወደ ላይ ጎትተው ደረቴ ውስጥ ሰፉት። አሁን የምውጥ በጨጓራዬ ነው። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ብላ አሉኝ። በምግብ ላይ ውሃ አትጠጣ። ትራስ ደራርበህ ተኛ። ጎንበስ አትበል። ጎንበስ ሳይል የሚኖር ገበሬ አይቶ ያውቃል ይኸ ሐኪም?

ቀጠሮዬ ኅዳር 18። መስከረም ላይ 47 ኪሎ ነበርሁ። ከ45 ከወረድሁ ሆዴን በስተው ቱቦ ያስገባሉ፣ ምግቡ በቱቦ ይገባል። ፈንታዬም መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ንፋስ መውጫ ቤቷ ታስቀምጠኛለች። ምላለች። እኔም ምያለሁ። በአፌ እየበላሁ፣ እዚሁ ቤቴ ነው የምኖር፣ እዚሁ ነው የምሞት።

5 ሰ. እንቁላል፣ ጉ. 3። ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ። ሰፈሩ የሚያውቀው «ጨጓራውን ታክሞ መጣ» የሚለውን ብቻ ነው። እንደዚያው ይወቅ።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ጾም ነው። እስከ 9 ሰ. ምንም።

ፈንታዬ ደወለች። በሉ ወይ? በላሁ። ስንት ጊዜ? እንደታዘዘው። ዝም አለች። ልጅ ሳለች እሷ ስትዋሸኝ እኔም እንዲህ ዝም እል ነበር።

ስልሳ ዓመት የጾምሁትን ረቡዕ ለዚች ለቀረችኝ ሥጋ ብዬ አልተውም። አልቋል።

9 ሰ. ሽሮ በእንጀራ፣ ጉ. 4። እንጀራው ደረቴ ላይ እንደ ጭቃ ተቋጥሮ ቆመ። ተነሥቼ ቤቱን ዞርሁት። ሦስት ጊዜ። ወረደ።

አንዷን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ አኝካት ብለውኛል። በረት ገብቼ ከወይኖ ጋራ ተቀመጥሁ፣ ከበሬዬ። እሱ ያመሰኳል፣ እኔ አመሰኳለሁ። እሱ የዋጠውን መልሶ ሲያወጣ ማንም ከንፈር አይመጥለትም። ጤነኛ ነው ይሉታል።

ሞላ መጣ። ልጅነታችን አንድ ነው፣ ቤታችን አጥር ለአጥር፣ ምላሱ እንደ ማጭድ። ሳህኔን ቁና ሥር ደበቅሁ። አየኝ አየኝና፣ «ምነው ዓለሙ፣ ሰውየውን አዲስ አበባ ትተህ ኮቱን ብቻ ነው ይዘህ የመጣህ?» አለ። ያንተን ቦርጭ ሳይ ነው የምከሳ አልሁት። ሳቀ። ገብስህ ደርሷል፣ ወፍ ሳይጨርሰው ቅዳሜ ደቦ እንጥራልህ አለ። እሺ አልሁ። ምን ልበል ሌላ። እኔ አጎንብሼ አላጭደው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ገብሱ ታጨደ። አሥራ አራት ሰው ወጣልኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ባለቤቱ ዝም ብሎ ቆሞ ያያል? ማጭድ አነሣሁ። ሁለት ጭብጥ አጨድሁ። ጎንበስ ባልሁ በሦስተኛው ጎምዛዛው ነገር አፌ ድረስ መጣ። መልሼ ዋጥሁት። ቀና ብዬ ማጭዱን የምስል መሰልሁ። ድንጋይ ሳልይዝ።

ምሳ። የሞላ ሚስት ዝናሽ ናት የሠራች። መሶቡ ከወይራው ጥላ ሥር ቀረበ። አገራችን ሥርዓቱ እንዲህ ነው፦ ትልቁ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም፣ ትልቁ እጁን ካነሣ ማንም አይቀጥልም። አባቴ በዚህ ነው ያሳደገኝ። እኔም በዚህ ነው ያሳደግሁ፣ ጠበቅ አድርጌ። ትልቁ እኔ ነኝ። ባረክሁ፣ ቆረስሁ።

ጉ. 4። ደረቴ ዘጋ። አመመኝ፣ ሌላ ሐሳብ ጠፋኝ። እጄን አነሥቼ ውሃ አምጡ አልሁ።

አሥራ አራት እጅ አብሮኝ ተነሣ።

ቀና ብዬ ሳይ እንጀራው እንደተነጠፈ ነው። «ብሉ እንጂ!» አልሁ። «በላን አያ ዓለሙ፣ ጠገብን» አሉ። እኔ እጄን አጥቤ ብሉ ብል ማን ይቀጥላል? ጠዋት ከ12 ሰ. ጀምሮ ያጨደ ጎረምሳ በአምስት ጉርሻ ይጠግባል? ዝናሽ መሶቡን ከፍታ አየች። ወጡን አየች። እኔን አየች። መሶቡን ከድና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሆታ አልነበረም። ያጭዳሉ፣ ዝም ብለው። ዝም ያለ ደቦ ሰምተህ ታውቃለህ? የማጭዱ ድምፅ ብቻ።

ከፊት ገጽ፦ ስምንት ጊዜ በላሁ።

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ሞላ ሰላምታ ሳይሰጥ ገባ። ዝናሽ አኩርፋለች። ልጆቹ እያወሩ ነው፦ አያ ዓለሙ አዲስ አበባ የሹካ ምግብ ለምዶ የእኛን ተጸየፈ። ናቀን። አጨድን፣ በልተን እንኳ ሳንጠግብ አስነሣን።

«ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆን ንገረኝ፣ ሰውየ። እኔ ላንተ አፍሬ አልጨርስም» አለኝ።

መናገር እችል ነበር። አፌ ላይ ነበረች። ግን ደብተር፣ ወንዝ ማዶ አንድ ሰው ይኸው በሽታ ይዞት አየሁ። ስሙን አይጠሩትም፣ «ያ በሽታ» ይሉታል። ዋንጫውን ለዩበት። ፊቱ ተቀምጠው መሬቱ ለማን እንደሚሆን ያወሩ ነበር፣ እሱ እየሰማ። ሳይሞት ቀበሩት። እኔ እንደዚያ አልሆንም።

አልራበኝም ነበር፣ ምን ታካብዳለህ አልሁት።

ደጃፉ ላይ ቆመና፣ «እዚያ ሲቆራርጡህ ከኩራትህ ትንሽ እንኳ አልቀነሱልህም» አለ። ሄደ።

ጉ. 3። ሽ. 3። የገባው ሁሉ ወጣ ማለት ነው።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ጾም። 9 ሰ. ጉ. 2።

እወጣለሁ፣ እገባለሁ። አውድማውን ጠረግሁ፣ ቆሜ፣ ረዥም መጥረጊያ ሠርቼ። መልሼ ጠረግሁት። የተጠረገ አውድማ።

ዛሬ ትዝ ያለኝን ልንገርህ። ኅዳር ሚካኤል ማኅበሩ የኔ ተራ ነው። አሥራ ሁለት ሰው እዚህ ቤት መሶቤን ከቦ ይቀመጣል። ከነሱም ትልቁ እኔ። እጄን ያያሉ። አራት ጉርሻ፣ ከዚያ የሚካኤል ዝክር እንደተነጠፈ ይነሣል። በራሴ ቤት።

ተራዬን ላሳልፍ? ይታይሽ የሞተች ዓመት እንኳ አላሳለፍሁም። አርባዋ ሳይወጣ ደግሻለሁ።

አላሳልፍም።

እንዴት እንደማደርገው ግን አላውቅም።

ኅዳር 1፣ እሑድ

ልጻፈው፣ ይውጣልኝ።

ሞላ የልጅ ልጁን ክርስትና አስነሣ። ሄድሁ። ባልሄድ ጠቡ ይጸናል። መንገድ ላይ ወሰንሁ፦ እበላለሁ። እንደ ድሮው። ጨጓራ ደረት ውስጥም ይሁን ሆድ ውስጥ ጨጓራ ነው፣ ይችላል።

ዋናው መሶብ ላይ አስቀመጡኝ። ጉ. 5፣ 6፣ 7። ሰው ሁሉ ይበላል። የኔን እጅ እያዩ ይበላሉ። ዝናሽ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝ፣ ፊቷ ፈታ አለ። ሞላ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ መጣ፣ ዶሮውን በቅቤ አርሶ። እምቢ አይባልም። ሁለተኛ ሰጠኝ። እሱም እምቢ አይባልም። ጉ. 12። ማለዘቢያ ብሎ ብርዝ ሰጠኝ፣ የማር። ጠጣሁ። ሐኪሙ ጣፋጭና ብዙ ምግብ ባንድ ላይ ብሎ ያስፈራራኝን ያኔ ረሳሁት። አልረሳሁትም። ናቅሁት።

ብዙ አልቆየም። ልቤ እንደ ደነበረ በቅሎ ጋለበ። ላብ ከግንባሬ ወደ ዓይኔ። እንደ ምንም ተነሥቼ ከአጥሩ ኋላ ደረስሁ። ሁሉም ወጣ። ከላይም ከታችም። ፍጉ ላይ ወደቅሁ።

የመጣ ሰው ቆሞ ያወራል። አንዷ ቡዳ በልቶት ነው አለች። አንዱ ሰክሯል አለ። ሞላ ሰውን ገፋፍቶ ገባና በጀርባው አዘለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው እኮ። አጥሩን ሲያልፍ፣ «ዓለሙ፣ የአንድ ቀን ጭድ ተሸክሜ ከዚህ ይከብደኛል» አለ። ሳይስቅ። ሞላ ሳይስቅ የተናገረውን እኔ ሰምቼ አላውቅም።

አልጋዬ ላይ አስቀምጦ ምን ሆንህ አለኝ። ጠላው ነው አልሁ።

ጠላ አልጠጣሁም። ብርዙን የሰጠኝ እሱ ራሱ ነው። አየኝ። እግሬን አጥቦልኝ ወጣ።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

አልተነሣሁም። ውሃ ብቻ። ከፊት ገጽ፦ ስምንት ጊዜ። ስጽፍ ጣቴ አፈረ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ጤና ጣቢያ ሄድሁ፣ ለሚዛን። ፈንታዬ በስልክ አስገድዳኝ። ባጃጁ ሲነጥር ትናንት የበላሁት መጣ።

45።

ቀስቱ ትንሽ ከሱ በታች ተንቀጠቀጠና ተመለሰ። ነጠላዬን አላወለቅሁም ነበር። ነርሷ አውልቁ አላለችኝም፣ እኔም አላስታወስኋት።

ደብተሩን ጠየቀችኝ። ከፊት በኩል ሰጠኋት። አነበበች፣ ሚዛኑን አየች፣ አነበበች። ልጅ ናት፣ ግን አትፈራም። «አባት፣ እዚህ ደብተር ላይ የሚበላው ሌላ ሰው ነው፣ ሚዛኑ ላይ የቆሙት ሌላ» አለችኝ።

ነጠቅኋት። ወጣሁ። ደብተር ይዤ፣ ባዶ ሆድ፣ ረቡዕ። መንገድ ዳር ተቀምጬ ባጃጅ ስጠብቅ ሳቄ መጣ። እውነቷን ነው። ያ ሌላው ሰውየ ግን እንዴት ሆዳም ነው! በቀን ስምንት ጊዜ።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

የነፍስ አባቴ ቄስ ምናለ መጡ። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ ናቸው፣ ቃላቸው አጭር ነው። ለማኅበሩ ስንት ሰዓት መጥተው ጸሎት እንደሚያደርሱ ሊነጋገሩ ነው የመጡ። ልቀበላቸው ብድግ ስል ምሰሶውን ይዤ ቀረሁ። 7 ሰ. ነበር፣ ምንም አልቀመስሁም።

አስቀመጡኝ። መስቀሉን አሳለሙኝ። ምንድን ነው አሉ። ለሳቸው አይዋሽም። ነገርኋቸው። ካንሰሩን፣ ጉሮሮውን፣ ጨጓራውን፣ ደቦውን፣ ክርስትናውን፣ ሁሉን። የነገርሁት የመጀመሪያ ሰው ናቸው።

የሚያዝኑልኝ መስሎኝ ነበር። ተቆጡ።

«ይኸን ጾም ማን አዘዘህ?»

ቤተ ክርስቲያን አልሁ።

«ለታመመ ቤተ ክርስቲያን አላዘዘችም። እኔም አላዘዝሁም። አንተው ነህ ያዘዝህ። ስሙን ጾም አልኸው እንጂ እልህ ነው።»

ቀኖና ልስጥህ አሉ። ስግደት እንዳልሰጥህ ጎንበስ ማለት አይሆንልህ። ስለዚህ ቀኖናህ መብላት ነው። የጸሎቱ ሰዓት በቀን ሰባት ነው፣ ሰባቱንም ትበላለህ። በነግህ፣ በሠለስት 3 ሰ.፣ በቀትር፣ በተሰዓት 9 ሰ.፣ በሠርክ ሲመሽ፣ በንዋም ስትተኛ። የመንፈቀ ሌሊቷን ተኛባት፣ በጠዋት ጨምረህ ክፈላት። ረቡዕም ዓርብም። የሚመጣው የገና ጾምም ጭምር። እንቁላሉንም ወተቱንም። አንዲቷን ብታጎድል እንደ ጾም ገዳፊ ነው የማይህ።

አባ፣ ሰው ምን ይላል አልሁ።

«ሰውን ንስሐ የገባልህ እለት ጠይቀው» ብለው ወጡ።

ሳልጽፈው ረሳሁ፣ ሳይወጡ በፊታቸው አስጀምረውኛል። ወተት፣ ጉ. 3። ዓርብ በ7 ሰ.። ወረደ ግን። አልወጣም።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ነግህ፦ አጥሚት ጉ. 5። ከሱ በኋላ ትንሽ ቆይቼ የሌሊቷን ዕዳ፣ በሶ በቅቤ ጉ. 2። ሠለስት፦ እንቁላል። ቀትር፦ ድንች የተፈጨ ጉ. 4። ተሰዓት፦ እርጎ። ሠርክ፦ ሽሮ ያለ እንጀራ፣ ጉ. 4፣ ሽ. 1። ንዋም፦ አጥሚት።

ሐኪሙ ያንኑ ነበር ያዘዘኝ። ከሱ ሲሆን አልሰማሁም።

ቀኑ ሁሉ መብላት ሆነ። ሌላ ሥራ አይሠራም እንዴ? ተሰዓትን ስጨርስ ሠርክ ደረሰ። ግን አሁንም ጓዳ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሰባት። ሽ. የለም።

የፊቱን ገጽ ባዶ ተውሁት። ያ ሆዳም ሰውየ ዛሬ አልበላም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ፈንታዬ መጣች፣ ለማኅበሩ ልትረዳ። ከዝናሽ ጋራ ጠላውን እያየች፣ ዳቦውን እያሰናዳች ዋለች። ዝናሽ ለሷ ትስቃለች፣ ለኔ ፊቷን ታዞራለች።

ከበረት ስመለስ ፈንታዬ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አንተን ይዛ። ከኋላ በኩል ገልጣ።

ደሜ ፈላ። ልጮኽ ነበር። አላየችኝም፣ ጀርባዋ ወደ በሩ ነው። ትከሻዋን አየሁ። እናቷን ስትመስል። ወደ ኋላ ተመለስሁ፣ ደጅ ላይ ሳልሁ፣ ጮክ ብዬ። ስገባ አንተ ትራሱ ሥር ነህ፣ እሷ ጎመን ትቀነጥሳለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት አልነበረም።

ቅጠሉን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ እማዬ እንግዳ ሲመጣ እጇን ከገበታ አታነሣም ነበር። ያስታውሳሉ?»

አላስታወስሁም። ከዚያ አስታወስሁ። ደብተር፣ እንዴት አስታወስሁ! ይታይሽ ከሁሉ በፊት ትጠግባለች፣ ወፍ ናት፣ ግን እንግዳው እንዳያፍር እጇ እንጀራው ላይ ነው። ትቆርሳለች፣ ታጠቅሳለች፣ ወደ አፏ ታስጠጋለች፣ ትመልሳለች። እኔ እቆጣት ነበር። በምግብ አትጫወቺ። ሰው ፊት። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን መልሳልኝ አታውቅም።

ሚካኤል ከነገ ወዲያ ነው። ነገ ቀኑ ይመሽልኝ ይሆን?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ

ቄስ ምናለ ጸሎቱን አደረሱ፣ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ሌላ ማኅበር አለብኝ ብለው ወጡ። ሲወጡ አዩኝ። ተሰዓትን በልቻለሁ አልኋቸው በዓይኔ።

መሶቡ ቀረበ። አሥራ ሁለቱ ከበቡ። ሞላ የማኅበሩ ሙሴ ነው፣ ሥርዓቱን የሚያስጠብቅ እሱ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጀመርሁ። ጉ. 1። 2። 3። ቆምሁ።

እጄን ግን አላነሣሁም።

እቆርሳለሁ። ወጡ ላይ አዞራለሁ። አስጠጋለሁ። አፌን አንቀሳቅሳለሁ። እመልሳለሁ። ሰዎቹ ይበላሉ! አንዱ ሌላውን ያጎርሳል፣ ስለ ስንዴው ያወራሉ፣ ስለ ወገዳ መንገድ ያወራሉ። ልቤ እንደ ሌባ ደስ አላት። ይታይሽ፣ ይኸው፣ በምግብ እየተጫወትሁ ነው አልሁ በሆዴ።

ሞላ ማኘኩን አቆመ። አየኝ። ቁራሿን አየ። መልሶ አየኝ።

«ሰውየ፣ ያችን ቁራሽ ካሁን አሁን ትውጣታለህ ብዬ ስጠብቅ አራተኛ ዙሯ ነው። ልትድራት ነው?»

ሳቁ። ከዚያ ፊቴን አዩ መሰል ሳቁ ቆመ። እጆቹ ሁሉ ባሉበት ቆሙ። ዝናሽ የወጡን ድስት ይዛ ከጓዳው በር ቆማለች።

አልራበኝም ማለት እችል ነበር። ደረቴ ላይ እንደ ጭቃ የቆመው ግን ምግብ አልነበረም።

ጉሮሮ የለኝም አልሁ።

ካንሰር ነው፣ ቆርጠው አወጡት፣ የምውጥ በጨጓራዬ ነው፣ አራት ጉርሻ ከበላሁ ይዘጋል አልሁ። በሽታውን በስሙ ጠራሁት። ቤቱ አልፈረሰም። ደቦው ላይ ያነሣሁ ስለተጸየፍሁ አይደለም። ክርስትናው ላይ የወደቅሁም ሰክሬ አይደለም፣ እናንተ እንድትበሉ ብዬ ከአቅሜ በላይ ስለበላሁ ነው። ወደ ጓዳው በር ዞርሁ። ዝናሽ፣ ወጥሽ ጨው አልበዛበትም አልሁ። መውረጃ ነው ያጣ እንጂ።

ዝናሽ ድስቱን መሬት አስቀመጠች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች።

ሞላን አየሁት። ከዚያ እንደ ሙሴነቱ ተቆጣ፣ ድምፁ ግን ተሰነጠቀ።

«እንግዲያ እጅህ እዚያው ትቀመጥ። ብትደክም እኔ እደግፋታለሁ። እናንተ ምን ታፈጣላችሁ? እጁ ገበታ ላይ ናት፣ ብሉ!»

በሉ። እያለቀሰ የሚበላም ነበር፣ ስሙን አልጽፍም፣ ምላሱ እንደ ማጭድ ነው። እጄ መሶቡ ላይ፣ ምንም ሳታስመስል፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። የመሶቡ ወለል እስኪታይ ድረስ። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የተበላ ዝክር አላየሁም።

ሠርክ ደረሰ። ፈንታዬ ሳህኔን ይዛ ወጣች። እኔ ወደ ጓዳው ልነሣ ስል እሷ ሄዳ መሶቡ ላይ፣ ፊቴ አስቀመጠችው። ያችን የሕፃን የምታክል ሳህን። አሥራ ሁለት ሰው ፊት።

አንድ ማንኪያ። ሠላሳ ጊዜ ማኘክ። ሁለተኛ ማንኪያ። ሠላሳ።

አንድም ሰው አልተነሣም። እጁን የታጠበ የለም። ሂዱ እንጂ፣ ከብት አላችሁ፣ ይመሻል አልሁ። ከሁሉ ታናሹ፣ ገና ዘንድሮ ማኅበር የገባው፣ «ትልቁ ሳይጨርስ እንዴት እንነሣለን፣ አያ ዓለሙ?» አለ። ወሬያቸውን ቀጠሉ፣ ቀስ ብለው፣ እንዳያጣድፉኝ። አንዱ ማኘኬን በሹክሹክታ ሲቆጥር ሞላ ጎኑን ጎሸመው። ከዚያ ራሱ ሞላ ሲቆጥር ያዝሁት።

ጉ. 7። ሽ. የለም። ከሰኔ ወዲህ ሰባት አልበላሁም፣ ወድቄ ካልሆነ በቀር።

ሳህኔን ገፋ አደረግሁ። እጄን አነሣሁ። አሥራ ሁለት እጅ አብሮኝ ተነሣ።

«አሁን ውሃ!» አለ ሞላ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ፣ ሠለስት

ፈንታዬ በጠዋት ሄደች፣ ሥራ አለባት። ወደ ከተማ ስለመውሰድ አላነሣችም። ለቀጠሮው አብረን እንሄዳለን አለች። እሺ አልሁ፣ ነጠላዬንም አውልቄ ነው የምመዘን። ሚዛኑ ምን ይል እንደሆነ አላውቅም። ቱቦ ነው ቢሉኝ እሰማቸዋለሁ። እሰማቸዋለሁ ነው ያልሁ፣ እሺ እላቸዋለሁ አላልሁም።

የፊቱን ገጾች ቀድጄ ለምድጃ ማያያዣ ሰጠሁ። ሰውየው አብሮ ነደደ። ለሐኪሙ የማሳየው ይኸንን የኋላውን ነው፣ ከነውሸቱ፣ ከነወይኖው። ይኸንን ደግሞ ለመንገር ያህል ነው፣ ፈቃድህን አልጠየቅሁም።

ሌላ። በርጩማዬን ከጓዳ አውጥቼ ደጃፍ ላይ አድርጌያለሁ። መንገዱ ፊት ለፊት ነው። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ያልፋል። ዓርብ በጠዋት ሽማግሌ እንቁላል ሲበላ ያያል። ይየኝ። የጠየቀ ቄስ ምናለን ይጠይቅ። ከዛሬ ጀምሮ ሰባቱንም እዚህ ነው የምበላ፣ ጓዳው ለእህል ነው።

ሁለት ሴቶች አለፉ። እንዴት አደሩ አሉ። እግዜር ይመስገን አልሁ፣ አፌ ሙሉ ሆኖ።

ሞላ ከአጥሩ ማዶ ጮኸ። ስንተኛው ነው ይላል። ሦስተኛው አልሁት። ይኸው በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ ነው፣ በዚያ ቦርጩ። ልቆጥርልህ ነው የመጣሁ ይላል፣ አንተ ታጭበረብራለህ ይላል። ተቀመጠ። አንድ፣ ሁለት እያለ ነው፣ ጮክ ብሎ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ። ስትጽፍ ማኘክ ታቆማለህ፣ ስክሪብቶውን አስቀምጥ ይላል፣ ሊነጥቀኝ እጁን ዘረጋ። አሥራ ሰባት ላይ ነ